ከባንድ ወጥቶ የመጀመሪያ ሶሎ አልበም፦ ከኦዚ ኦዝቦርን እስከ ድሬ ልጆች

የከዚራ ጊታር፦

ሰላም የሰፈር ሰዎች። ሰሞኑን የኦዚ ኦዝቦርንን የመጀመሪያ ሶሎ አልበም እየደጋገምኩ ስሰማ ነበር። «ብሊዛርድ ኦፍ ኦዝ»፣ በ1980 የወጣው። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ወሬውን እዚህ ያመጣሁት አልበሙን ስለወደድኩት ብቻ አይደለም። ድሬም ሐረርም ከባንድ ወጥተው የራሳቸውን ሥራ ለመሥራት ዳር ዳር የሚሉ ልጆች አሉ። ሳገኛቸው ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ብቻዬን እችለዋለሁ?

መልሱ እዚህ አልበም ውስጥ አለ ባይ ነኝ። ሶሎ አልበም ለብቻ አይሠራም። ሽፋኑ ላይ ያንተ ስም ይውጣ እንጂ ሥራውን የሚያቆመው አብሮህ ስቱዲዮ የሚገባው ሰው ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ። ኦዚ ብላክ ሳባዝ የሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ድምፃዊ ነበር። የባንዱ አራቱም አባላት የበርሚንግሃም የሠራተኛ ሰፈር ልጆች ናቸው። ከ1970 እስከ 1978 ስምንት አልበም አብረው ሠሩ። በ1979 መጠጡና ዕፁ ከልክ ሲያልፍ አባረሩት። በራሱ ፈቃድ አልወጣም። በቦታው ሮኒ ጄምስ ዲዮን አስገቡና በ1980 ድንቅ አልበም አወጡ። ኦዚ ሎስ አንጀለስ ሆቴል ውስጥ በሩን ዘግቶ እየጠጣ ነበር። ከዚያ ክፍል ያወጣችው ሻረን አርደን ናት፤ በኋላ ሚስቱ የሆነችው።

አስቡት እስቲ። ሰውዬው ጊታር ይዞ ዜማ የሚያወጣ አይደለም። ግጥምም ብዙ አይጽፍም። እጁ ላይ የነበረው ድምፁና የዜማ ጆሮው ነው። ታዲያ ምን አደረገ? ሰው መረጠ። ጊታር ላይ ራንዲ ሮድስ፣ ከኳየት ራየት ባንድ የመጣ፣ ገና ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ። ቤዝ ላይ ቦብ ዴዝሊ። ድራም ላይ ከዩራያ ሂፕ የመጣው ሊ ከርስሌክ። ኪቦርድ ላይ ዶን ኤሪ። ግጥሙን አብዛኛውን የጻፈው ቤዝ ተጫዋቹ ዴዝሊ ነው።

ጊታር ለምትጫወቱ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉና የዚሁ አልበም ዘፈን «ክሬዚ ትሬይን» ላይ ጊታሩ ጎልቶ የሚወጣበት ሶሎ ሲመጣ አንዴ በግራ ጆሮ፣ አንዴ በቀኝ ብቻ ስሙት። አንድ ጊታር ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። ራንዲ ያንኑ ሶሎ፣ ያንኑ መጎተት፣ ያንኑ ንዝረት ሦስት ጊዜ ቀድቶታል። አንዱ መሃል ላይ፣ ሁለቱ ዝቅ ብለው ግራና ቀኝ። መሣሪያ አባዝቶለት አይደለም፤ በጣቱ ነው። አንድን ፈጣን ሶሎ ሁለት ጊዜ ሳይዛነፍ ለመድገም የሞከረ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ድምፁን የቀረጸው ማክስ ኖርማን ይባላል። የእሱንም ስም ያዙልኝ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ነምበር ዋን፦

አቦ ዲዮ ይበልጣል። ባንዱ ኦዚን በማስወጣቱ ተጠቀመ እንጂ አልተጎዳም። አልበሙ ግን አሪፍ ነው፣ አልክድም።

ሸመንደፈር፦

የከዚራው ልጅ፣ ጥሩ ወሬ አነሳህ። እኔ እነዚህን ልጆች የማውቃቸው በካሴት ነው። በእኛ ጊዜ ካሴት ከጅቡቲ በባቡር ይገባ ነበር። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የሚያነብልን ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ፈልገን ነበር የምንቀመጠው።

እኔ የምጨምረው ኦዚ ትቶት ስለወጣው ባንድ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው ያረጀው። እጁ ላይ ያልተቆረጠ፣ ያልተቃጠለ ቦታ አልነበረም። ስለዚህ የቶኒ አዮሚ ታሪክ ልቤን ይነካዋል። የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ነው። በ17 ዓመቱ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ፣ ያውም ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን፣ ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ልጁ ግራኝ ነው። ክር የሚጫነው በዚያው እጅ ነው። ምን አደረገ? የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ላዩን ቆዳ ለበጠበት። ቀጫጭን ክር አደረገ። ቆየት ብሎ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ጀመረ፤ ክሩ እንዲላላለት። ያ ከባድ ድምፅ ከዚያ ጋር ነው የመጣው።

ኦዚም ቢሆን የከብት ማረጃ ቤት ሠርቷል፤ የመኪና ክላክስ ድምፅ የሚሞከርበት ፋብሪካም ሠርቷል። የባቡርና የፋብሪካ ከተማ ልጅ ይህን ሙዚቃ ቶሎ የሚረዳው ለዚህ ነው እላለሁ። እኛም በጨርቃ ጨርቁና በባቡሩ ጩኸት ነው ያደግነው።

እና አንተ ሰው መረጠ ስትል፣ ሰው መምረጥን የት ተማረ ብለህ ጠይቅ። እዚያው ባንድ ውስጥ ነው። አሥር ዓመት ከአዮሚ አጠገብ የቆመ ሰው ጊታሪስት ሲሰማ ይለያል።

የመጋላ ልጅ፦

ሸመንደፈር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጣት ቆቡን ታሪክ ዛሬ ነው የሰማሁት።

ሸዋ በር ኪቦርድ፦

ከሐረር ነኝ። ሐሳቡ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም።

ፖል ማካርትኒ አለ አይደል? ቢትልስ ሲበተን በ1970 የመጀመሪያውን ሶሎ አልበም ያወጣው ብቻውን ነው። ቤቱ ውስጥ ባለ አራት ትራክ መቅጃ አስመጣ። ሚክሰር እንኳን አልነበረውም። ማይኩን ቀጥታ መቅጃው ላይ ይሰካል። ድራሙን እሱ፣ ቤዙን እሱ፣ ጊታሩን እሱ፣ ፒያኖውን እሱ። ሚስቱ ሊንዳ በድምፅ አጅባዋለች። አለቀ። ሃያሲዎች ያኔ ጥሬ ነው ብለው ነቀፉት። እኔ ግን የምወደው ጥሬነቱን ነው።

እኔም እዚህ ሐረር ውስጥ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክ ይዤ ነው የምሠራው። ሴት ስትሆኚ ደግሞ ባንድ ልምምድ ማታ ማታ መሄዱ ራሱ ጣጣ አለው። ቤተሰብ አለ፣ መንገድ አለ። ለእኔ ብቻዬን መሥራት ምርጫ ብቻ ሳይሆን በር ነው። ያንን በር ማንም እንዲያቃልልብኝ አልፈልግም።

ስለ ኪቦርድ ካነሳን ግን የኦዚ አልበም ላይ ያለው «ሚስተር ክራውሊ» መግቢያው ላይ ዶን ኤሪ የሠራውን ስሙት። ገና ጊታር ሳይገባ ክፍሉን ሁሉ ያጨልመዋል። እኔ ኪቦርድ ባንድ ውስጥ ክፍተት መሙያ ነው የሚሉኝን ሰዎች ያንን ነው የማሰማቸው።

የከዚራ ጊታር፦

እህቴ፣ በርሽን የሚዘጋ ሰው የለም። የመንገዱና የማታው ጉዳይ እውነት ነው፤ እኛ ወንዶቹ የማናስበው ነገር ነው።

ስለ ማካርትኒ ግን አንድ ልበል። እሱ ብቻውን ሲቀመጥ ከቢትልስ ጓዶቹ፣ ከሌኖን ጋር፣ ከሃሪሰን ጋር፣ ከሪንጎ ጋር የኖረበት ዘመን ሁሉ አብሮት ነበር። ጆርጅ ሃሪሰንን ተመልከቺ ደግሞ። በዚያው ዓመት፣ በኅዳር፣ ሦስት ሸክላ ያለው አልበም አወጣ። ባንድ ውስጥ እያለ ሌኖንና ማካርትኒ ቦታውን ስለያዙት በአንድ አልበም አንድ ሁለት ዘፈን ነበር የሚደርሰው። የተጠራቀመው ሁሉ ባንዴ ወጣ። ግን ስቱዲዮው ውስጥ የነበረውን ሰው ብዛት እዪ። ኤሪክ ክላፕተን፣ ቢሊ ፕሬስተን፣ ክላውስ ፎርማን፣ ራሱ ሪንጎም ጭምር። ዓይን አፋሩ ልጅ ነጻ የወጣው በወዳጆቹ መሃል ነው።

ፈረስ መጋላ፦

ፒተር ጋብርኤልን ረሳችሁት። ድምፃዊ የነበረበትን ጄነሲስ የተባለ ባንድ በ1975 ትቶ ወጣ። ሶሎውን በ1977 አወጣ። ከባንዱ ስለመውጣቱ የዘፈነው «ሶልስበሪ ሂል» በሰባት ምት ነው የሚሄደው። ቆጥራችሁ አጨብጭቡና ሞክሩት። አራት ሲለመድ ሰባተኛው ላይ እግር ይጠፋል፤ ዜማው ግን ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው። ምቱ አስቸጋሪ መሆኑ እንኳን አይታወቅህም።

ለከዚራው ሐሳብ የሚሆን ማስረጃም አለኝ። በዚያ አልበም ላይ ቤዝ የተጫወተው ቶኒ ሌቪን ነው። ሰውዬው ጋብርኤል በ2023 ዓለምን ሲዞር አሁንም አጠገቡ ቤዝ ይዞ ቆሟል። አርባ ስድስት ዓመት! ለመጀመሪያ አልበምህ የምትጠራው ሰው የዕድሜ ልክ ሰው ሊሆን ይችላል።

ደቻቱ፦

ጀምአው፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ጉዳዩ የእኔ ስለሆነ ልግባ።

ጊታር እጫወታለሁ። ድሬ አንድ ቤት ውስጥ የሚጫወት ባንድ አባል ሆኜ ለዓመታት ነበርኩ። ስሙን አልጠራም። ማታ ማታ የሰው ዘፈን እንጫወታለን። ሱዳንኛ፣ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትዝታ፣ ሠርግ ሲኖር ደግሞ ሁሉንም። እጄን ያሠለጠነኝ እሱ ነው፣ አልረሳውም። ግን ልቤ ሮክ ላይ ነው። በልምምድ ሰዓት የራሴን ሁለት ዘፈኖች አመጣሁ። አንዱን ሙሉ በሙሉ እኔ ነኝ የሠራሁት። ሁለተኛው ላይ ዜማው የእኔ ነው፣ ግጥሙን የባንዱ ድምፃዊ ጻፈው። ቅንብሩን ሁላችንም ነካካነው። ስወጣ የባንዱ መሪ እዚህ የተሠራ ነገር የባንዱ ነው፣ ይዘህ አትወጣም አለኝ።

ከወጣሁ በኋላ ጊታሩን ማንሳት አስጠላኝ። ዘፈኖቹን ስነካቸው የሰረቅኩ ይመስለኛል። ተናድጄ አይደለም የምጽፈው። ማወቅ ነው የምፈልገው። የእኔ የቱ ነው?

ሳቢያን፦

ደቻቱ፣ ወንድሜ፣ አንተ ሌባ አይደለህም። ይህን በመጀመሪያ ያዝ።

ሕጉን ልንገርህ፣ ከሥራዬ ጋር ስለሚገናኝ አነበዋለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። በኋላ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አንድ ሥራ ወጥ፣ ማለትም የራስህ ፈጠራ፣ ከሆነና ከተቀረጸ ወይም ተጽፎ ከተቀመጠ፣ ባይመዘገብም ጥበቃ አለው። በስልክህ የቀዳኸው የልምምድ ድምፅ አለ? አታጥፋው። ቀኑም ያለበት ነው። ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጠህ አስቀምጥ። ምዝገባ ግዴታ ባይሆንም ማስረጃ ይሆንሃል፤ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደህ ማስመዝገብ ትችላለህ።

የመጀመሪያው ዘፈን ብቻህን ከሠራኸው ያንተ ነው። ልምምድ ክፍል ውስጥ መጫወቱ የቤቱ ባለቤት ወይም የባንዱ መሪ ንብረት አያደርገውም። አንድ ነገር ግን አጣራ። የፈረምከው የሥራ ውል አለ? ተቀጥረህ ዘፈን እንድትፈጥር የተስማማህበት ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር የኢኮኖሚ መብቱ ወደ ቀጣሪው ሊሄድ ይችላል። ማታ ጊታር ለመጫወት መቀጠርና ዘፈን ለመድረስ መቀጠር ደግሞ ለየቅል ናቸው። ወረቀቱን ፈልገህ ቃል በቃል አንብበው።

ሁለተኛው የሁለት ሰው ነው። የግጥሙን ባለቤት ሳታስፈቅድ አታውጣው። ሄደህ አነጋግረው። እሺ ካለ ድርሻችሁን በወረቀት አስፍራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። አንድ ገጽ ይበቃል። እምቢ ካለ ዜማህን ይዘህ ሌላ ግጥም አጻፍበት። በተረፈ የሕግ ባለሙያ ጋ ጎራ ማለት አይከፋም።

ደቻቱ፦

የፈረምኩት ወረቀት የለም። በቃል ነበር። የልምምዱ ድምፅ ግን ስልኬ ላይ አለ። ሳቢያን፣ እንዴት እንደቀለለኝ!

ቤዝ ተጫዋች፦

አሁን ደግሞ ስለ ስም ልናገር። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ከዚራ የጠራቸውን ሁለት ሰዎች አስታውሱ። ዴዝሊና ከርስሌክ። የመጀመሪያውን አልበም ሠሩ። ሁለተኛውንም «ዳየሪ ኦፍ ኤ ማድማን»ን ሠሩ። እሱ ገና ሳይወጣ ተባረሩ። በ1981 አልበሙ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የነበረው ስም የሌላ ሰው ነው። አንዲት ኖታ ያልቀዱበት ሩዲ ሳርዞና ቶሚ አልድሪጅ ተጻፉበት። ሳርዞና አልድሪጅ ጎበዞች ናቸው፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ግን ያ ቤዝ የዴዝሊ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ይብሳል። በ2002 ሁለቱ አልበሞች እንደገና ሲታተሙ የዴዝሊ ቤዝና የከርስሌክ ድራም ከቀረጻው ላይ ተነሳ። በሌሎች ሙዚቀኞች ተተካ። ሁለቱ ሰዎች ስለ ክፍያና ስለ ስማቸው ፍርድ ቤት ከስሰው ነበር። አድናቂው ተቆጣ። እኔም ያንን እትም ሰምቼዋለሁ። ጊታሩ ያው ነው፣ ድምፁ ያው ነው፤ ከሥሩ ያለው መሬት ግን ሌላ ነው። ራንዲ ሲጫወት የሰማው ያንን ድራም አልነበረም። እርስ በርስ ሲሰማሙ የነበሩ ሰዎችን ለያይተህ መልሰህ ልትገጥማቸው አትችልም። በ2011 እንደገና ሲታተም ዋናው ቀረጻ ተመለሰ።

የከርስሌክን መጨረሻ ሳስብ ደግሞ ልቤ ይሰበራል። በ2018 መጨረሻ ካንሰሩ እንደማይድን ተነገረው። ከመሞቱ በፊት የተመኘው የእነዚያን አልበሞች የፕላቲነም ሽልማት ግድግዳው ላይ ማየት ነው። ለኦዚና ለሻረን ጻፈላቸው። ላኩለት። በ2020 ዐረፈ። የተመኘው ገንዘብ አልነበረም። እኔም ነበርኩበት የሚል ወረቀት ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ዩቲዩብ ላይ የሚወጣውን ዘፈን መግለጫ ክፈቱ። ድምፃዊው አለ። ክሊፑን የሠራው አለ። ሜካፑ ሳይቀር አለ። ቤዙን ማን ተጫወተ? የለም። ብዙ ጊዜ የለም። ደቻቱ፣ አልበምህን ስታወጣ ሻይ ያመጣልህን ልጅ እንኳን ጻፈው።

ሸዋ በር ኪቦርድ፦

ይህንን ሳላውቅ ነው አልበሙን የሰማሁት። የ2002ቱ ነው ስልኬ ላይ ያለው መሰለኝ። ዛሬ እቀይረዋለሁ።

ነምበር ዋን፦

ባስ ቤዝ እያላችሁ አታስለቅሱን እንጂ። በጣም ከባድ ታሪክ ነው።

ሸመንደፈር፦

ስለ ውጭዎቹ ይህን ያህል ካወራን የራሳችንን እንዴት እንዘለዋለን?

ዓሊ ቢራ። የድሬ ልጅ። ጊታሩንም ዑዱንም የሚጫወት፤ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛ፣ በዓረብኛ የዘፈነ ሰው። የተነሳው እንደ አውሮፓ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ድሬ ከተቋቋመው ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ነው፤ ገና በልጅነቱ። ያ ቡድን በኦሮምኛ ሲዘፍን የዘመኑ መንግሥት አላስቀምጥ አለው። ዓሊ አዲስ አበባ ገባ፣ ክብር ዘበኛ ውስጥም ሠራ። የመጀመሪያ አልበሙ እንደ አውሮፓ በ1971 ወጣ። ሮክ ነው አልልም። ግን ከቡድን ወጥቶ በራስ ስም መቆም ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ ማን ያስተምረናል? እስከ መጨረሻው ስለ አፍራን ቀሎ ሲጠየቅ ዓይኑ ይበራ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ድሬ እንዴት እንደወጣች አይተናል። የቀበርነውም እዚሁ ነው።

ከባንድ መውጣት ማለት ባንዱን መካድ አይደለም። ደቻቱ፣ ለዚያ የባንድ መሪ ሰላምታህን አታቋርጥ። ድሬ ውስጥ ነገም አንድ ፉል ቤት ትገናኛላችሁ።

ፈረስ መጋላ፦

የሮክ ነገር ከተነሳ፣ የአገር ልጅ ሮክ ይጫወታል ወይ ለሚሉን መልስ አለኝ።

የሮክ ጊታሪስት ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለውን ባለ አምስት ኖታ ቅኝት ነው። ከሲ ብንነሳ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት። አሁን የእኛን ቅኝት ባቲ ማይነርን ከሲ ተነሱና ተጫወቱ። እነዚያው አምስት ኖታዎች ናቸው! ልዩነቱ ኖታው ላይ ሳይሆን አረማመዱ ላይ ነው፤ የቱ ላይ ታርፋለህ፣ የቱን ታሽሞነሙነዋለህ። አዮሚ የሚጫወትበት ሠፈር ከባቲ ጋር አጥር ይጋራል ማለት ነው።

የእኛው ሮክ ባንድ ጃኖ እንደ አውሮፓ በ2012 «ኤርታሌ» አልበሙን ሲያወጣ ሰው የገረመው ይህ ነበር። ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ነው፣ አሜሪካዊው። አራት ድምፃውያን፣ ሁለት ወንድ ሁለት ሴት። ጊታሩ ሮክ ነው፣ ዜማው ግን የእኛው። ደቻቱ፣ በልቤ ሮክ ነኝ ያልከው ልክ ነህ፤ እጅህ ላይ ካለው ትዝታና ባቲ ጋር አይጣላም። አታራግፈው።

ደቻቱ፦

የመጀመሪያው ዘፈኔ ባቲ ላይ ነው! ሳስበው አልነበረም፣ እጄ ነው የወሰደኝ።

እሺ፣ አንድ ሌላ ጥያቄ። ስቱዲዮ አዲስ አበባ ሄዶ ለመቅዳት አቅም የለኝም። ቤቴ ልሞክር? ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ቬንትሌተሩን ካጠፋሁ ላቤ ጊታሩ ላይ ይንጠባጠባል። ካበራሁት ድምፁ ይገባል።

ቤዝ ተጫዋች፦

ይቻላል። ጊታሩን በማይክ አትቅዳው። ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ጊታርን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ መሣሪያ) ግዛ ወይ ተዋስ፣ ጊታሩን በኬብል ቀጥታ ስካው፣ የአምፑን ድምፅ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ፕሮግራም ስጠው። እንዲህ ከሆነ ቬንትሌተሩ እንደፈለገ ይሽከርከር፣ ቀረጻው ውስጥ አይገባም። ቤዙም እንደዚያው። ቬንትሌተር የምታጠፋው ድምፅ ስትቀዳ ብቻ ነው። ያንን ደግሞ ሌሊት አድርገው፤ ባጃጁም ጸጥ ሲል፣ ግድግዳውም ሲቀዘቅዝ። ፍራሽና ብርድ ልብስ ከማይኩ ጀርባና ከጀርባህ አቁም።

ቅኝቱን ደጋግመህ ፈትሽ። ሙቀት ክሩን ያላላዋል፣ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል። ጧት የቀዳኸውና ከሰዓት የቀዳኸው አንድ ላይ ሲሰማ ሊጣላ ይችላል። ከእያንዳንዱ ቅጂ በፊት ቃኝ። ደግሞ መብራት ሊሄድ ስለሚችል በየመሃሉ ሴቭ አድርግ። አዲስ ክር ካደረግህ በኋላ ጎተት ጎተት አድርገህ አለማምደው እንጂ ወዲያው አትቅዳበት።

የከዚራ ጊታር፦

ቤዝ ተጫዋች ያለውን ሁሉ እፈርምበታለሁ። እኔ አንድ ብቻ ልጨምር። ድምፅህን ሁለት ጊዜ ቅዳው። ኦዚ ያንን ያደርግ ነበር። አንዱን መሥመር ዘፍኖ ያንኑ እንደገና ከላዩ ይዘፍንበታል። ሁለቱ ድምፅ ተደርቦ ነው ያንን የእሱን ቀለም የሰጠው። ትልቅ ድምፅ አልነበረውም። ግን ሰው በሁለት ቃል ያውቀዋል። ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. በርሚንግሃም ቪላ ፓርክ ላይ ተቀምጦ ሲዘፍን፣ ከአዮሚ፣ ከጊዘር በትለርና ከቢል ዋርድ ጋር አራቱም ተመልሰው ቆሙ። ያባረሩት ልጆች ማለት ናቸው። ሐምሌ 15 ዐረፈ። በዚያ ቀን ሶሎ ዘፈኖቹንም የባንዱንም ዘፈኗል። ሁለቱም የእሱ ነበሩ።

ራንዲ ይህንን አላየም። መጋቢት 1982 በትንሽ አውሮፕላን አደጋ ሞተ። 25 ዓመቱ ነበር። በጉዞ ላይ እያለ በየከተማው የክላሲካል ጊታር አስተማሪ ፈልጎ ይማር ነበር። ያን ያህል ችሎ ገና ይማር ነበር! አልበሙ ላይ ለእናቱ የሠራት አጭር የክላሲካል ጊታር ሥራ አለች፣ «ዲ» ትባላለች፤ አንድ ደቂቃ አትሞላም። ሮክ የማይወድ ቤተሰብ ያላችሁ እሷን አሰሟቸው።

ሸዋ በር ኪቦርድ፦

ደቻቱ፣ ኪቦርድ ካስፈለገህ እኔ ቤቴ ሆኜ እቀዳልሃለሁ። የጊታሩን ረቂቅ ከነ ፍጥነቱ ላክልኝ። በደቂቃ ስንት ምት እንደሆነ ጻፍልኝ፣ አለዚያ አይገጥምም። ማታ መምጣት የለብኝም፣ አንተም ሐረር መውጣት የለብህም። ብቻዬን መሥራትን አልተውኩም። ይህን ግን ከሰው ጋር ልሞክረው።

ቤዝ ተጫዋች፦

ቤዙ የእኔ ነው፣ ማንም እንዳይነካብኝ። ኢንተርፌስም አለኝ፣ አመጣለሁ።

ደቻቱ፦

ምን ልበላችሁ። ዛሬ ከሰዓት ድምፃዊውን አገኘሁት። ፈርቼ ነበር የሄድኩት። ግጥሙን ስሜን ጽፈህ ተጠቀምበት አለኝ። ድርሻውን እኩል እናድርገው አልኩት፣ ተስማማን፤ ሳቢያን እንዳለው በወረቀት እናሰፍረዋለን። የባንዱን መሪ ገና አላናገርኩትም። በዚህ ሳምንት ሄጄ ሰላም እለዋለሁ።

አልበም ለጊዜው አልሠራም። ሁለቱን ዘፈኖች ነው የምቀዳው። የባቲውን መጀመሪያ። ፍጥነቱ በደቂቃ 92 ነው፣ ሸዋ በር ያዢልኝ። ረቂቁን ነገ ማታ እልክልሻለሁ። መግለጫው ላይ የምጽፈውን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ጊታርና ድምፅ እኔ፣ ቤዝ አንተ፣ ኪቦርድ አንቺ፣ የሁለተኛው ግጥም እሱ። ድራም ግን ሰው የለኝም። በማሽን ልሠራው ነበር፣ ከርስሌክን ካነበብኩ በኋላ ግን እጄ አልሄደም። ድሬ ውስጥ ድራም የሚመታልኝ ማን አለ?

ነምበር ዋን፦

እኔ አለሁ። ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። የኤሌክትሮኒክ ድራም ፓድ ብቻ ነው ያለኝ፣ ሙሉ ድራም የለኝም፤ ቤዝ ተጫዋቹ ኢንተርፌስ ላይ በኬብል ይሰካዋል። ዲዮ ይበልጣል ያልኩት ግን እንደጸና ነው።